ከጣሪያ የሚንጠለጠል የልብስ ማስጫ፦ አሠራሩ፣ አገጣጠሙና የክረምት አጠቃቀሙ

ክረምት ሲገባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የታጠበ ልብስ መድረሻ ያጣል። ግቢው ውስጥ ያለው የጋራ ማስጫ በዝናብ ይመታል፣ በረንዳው ከሁለት አንሶላ በላይ አይችልም፣ ወለል ላይ የሚዘረጋው ተጣጣፊ ማስጫ ደግሞ መተላለፊያውን ዘግቶ ሦስት ቀን ይከርማል። ከጣሪያ የሚንጠለጠለው ማስጫ አራት ዘንግ፣ ሁለት ፑሊ (ገመድ የሚያልፍበት ተሽከርካሪ ጎማ) እና ገመድ ነው። ልብስ ሲሰጣ እስከ ወገብ ይወርዳል፣ ተሰጥቶ ሲያበቃ ከጭንቅላት በላይ ይወጣል። እንግሊዝና ስኮትላንድ ውስጥ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ከወጥ ቤት ምድጃ በላይ ሲሰቀል የኖረ ዕቃ ነው፤ እዚያም ያመጣው ይኸው ዝናብና የቤት ጥበት ነው።

ሥራው የአንድ ቀን ነው። ሁለት ነገር ላይ ግን ቸል ማለት አይቻልም፦ ጣሪያው ውስጥ የሚገባው ቡሎን እና ከልብሱ የሚወጣው ውሃ መውጫ።

ውሃው የት ይሄዳል?

ደረቅ ሳለ 5 ኪሎ የሚመዝን ልብስ በማሽን በደንብ ተጨምቆ ሲወጣ 3 ሊትር ገደማ ውሃ ይዞ ይወጣል። በእጅ የተጠመዘዘ ከሆነ 5 ሊትርም ሊደርስ ይችላል። ይህ ሁሉ ውሃ ተን ሆኖ ቤቱ አየር ውስጥ ይገባል።

አሁን አየሩን እንለካው። 12 ካሬ ሜትር ስፋትና 2.6 ሜትር ቁመት ያለው ክፍል 31 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። በ18 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር ሊሸከም የሚችለው የውሃ ተን ከ15 ግራም ትንሽ ቢበልጥ ነው። ክረምት ላይ ከዚህ ውስጥ 70 በመቶው ቀድሞ የተያዘ እንደሆነ ብናስብ፣ የክፍሉ አየር በሙሉ ተጨማሪ ሊወስድ የሚችለው 140 ግራም ገደማ ብቻ ይሆናል፤ ሁለት የቡና ሲኒ ያህል መሆኑ ነው። ስለዚህ 3 ሊትር ውሃ እንዲወጣ የክፍሉ አየር ከሃያ ጊዜ በላይ መቀየር አለበት። መስኮት ተዘግቶ ልብስ ከተሰጣ አየሩ ቶሎ ይጠግባል፣ ልብሱም ባለበት ይቆማል፣ ውሃው ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ይወርዳል፣ ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ከቁም ሳጥን ጀርባ ጥቁር ሻጋታ ይታያል። ማስጫው ቦታ ያተርፋል፤ ልብሱን የሚያደርቀው ግን የሚንቀሳቀስ አየር ነው።

ቦታ መምረጥ

መስኮት ያለበት፣ ትይዩው በር ወይም ሌላ መስኮት የሆነ ክፍል ይምረጡ። ማስጫው ከውጭ ግድግዳ ቢያንስ 30 ሴንቲ ይራቅ። ዘንጎቹ ወደ ላይ ሲወጡ ከጣሪያው 30 ሴንቲ ዝቅ ብለው ይቅሩ፤ ከዚያ በላይ ከተጠጉ አየር በላያቸው አያልፍም፣ ጣሪያውም ይረጥባል።

ጣሪያው 2.60 ሜትር ከሆነ ዘንጉ 2.30 ላይ ይቆማል ማለት ነው። ከወገቡ ተቆንጥጦ የተሰቀለ የአዋቂ ሱሪ አንድ ሜትር ያህል ወደ ታች ስለሚወርድ ጫፉ 1.30 ላይ ይደርሳል፣ ሰው ፊት ላይም ያርፋል። ስለዚህ ሰው ከማይመላለስበት በላይ ይስቀሉት፦ ከማጠቢያ ማሽን ወይም ከጠረጴዛ በላይ፣ ወይም መታጠቢያ ክፍል ውስጥ። ከአልጋ በላይ፣ ከምድጃና ከምጣድ በላይ፣ ከሶኬት በላይ አይሰቀልም። ወጥ ቤት ሙቀት አለው ብለው የሚመርጡ አሉ። የቁሌት ሽታ እርጥብ ጥጥ ውስጥ ከገባ ግን እንደገና ሳይታጠብ አይወጣም፤ እንጀራ ሲጋገርም ከምጣዱ የሚነሳው እንፋሎት አየሩን ይበልጥ ያረጥበዋል።

ጣሪያው ምንድን ነው?

መጋዝና ብየዳ ከመነካቱ በፊት ይህ ይጣራ፤ የዘንጉ ርዝመት ራሱ የሚወሰነው ቡሎን በሚይዝበት ቦታ ነውና።

የአብዛኞቹ የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች ሶሌታ (ፎቅን ከፎቅ የሚለየው ጣሪያ) ሙሉ ኮንክሪት አይደለም። ቀድመው የተሠሩ ቀጫጭን የኮንክሪት ቢሞች በየ60 ሴንቲው ገደማ ተደርድረው፣ በመካከላቸው ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ተሞልቶ ነው የተሠራው። ልስኑ ሁሉንም ስለሚሸፍነው ከታች ሲያዩት አንድ ይመስላል። ብሎኬቱ ላይ የተተከለ ፊሸር ለመጋረጃ ይበቃ ይሆናል፤ ለማስጫ አይበቃም። ቡሎኑ ቢሙ ላይ ማረፍ አለበት።

ቢሙን ለማግኘት በመዶሻ እጀታ ጣሪያውን በየ5 ሴንቲው እየመቱ ይሂዱ፦ ብሎኬቱ ባዶ ድምፅ ይሰጣል፣ ቢሙ ድፍን። ከዚያ በ6 ሚሊ ፑንታ (የትራፓኖ መብሻ) ይሞክሩ። ፑንታው 2 ወይም 3 ሴንቲ ገብቶ ድንገት ወደ ባዶ ከሾለከ ብሎኬት ነው፤ ቀዳዳውን በጄሶ ደፍነው 10 ሴንቲ ወደ ጎን ይሂዱ። እስከ 5 ሴንቲ ድረስ ሳይለዝብ እየከበደ ከሄደ ቢም ነው። ትራፓኖው ፌሮ ከነካ መታገል አያስፈልግም፤ 3 ሴንቲ ይቀይሩ።

ኤሌክትሪኩ እንዳይረሳ። ከአምፖሉ ወደ ማብሪያና ማጥፊያው በሚሄደው መስመር ላይ ሶሌታው ውስጥ ሽቦ የያዘ ቱቦ አለ። በዚያ አቅጣጫ አይብሱ፤ የሚበሱም ከሆነ የመብራቱን ብሬከር አጥፍተው፣ ትራፓኖውን ከሌላ መስመር ያገናኙ።

የመጨረሻው ፎቅ ከሆነና በላይዎ ቆርቆሮ ከሆነ፣ የሚያዩት ቺፑድ ኮርኒስ ነው። ኮርኒስ ራሱ ምንም አይሸከምም። የምስማሮቹን መስመር ተከትለው ሞራሌውን ይፈልጉና ሁለት ሞራሌ የሚያያይዝ 4 በ 10 ሴንቲ ጣውላ በ8 ሴንቲ የእንጨት ብሎን ይምቱበት፤ ፑሊዎቹ ጣውላው ላይ ይገጠማሉ። ተከራይ ከሆኑ ከመብሳት በፊት አከራዩን ያስፈቅዱ።

ዕቃዎቹ

ዘንግ። 20 ሚሊ ውፍረት ያለው የአሉሚኒየም ቱቦ፣ እያንዳንዱ 1.60 ሜትር፣ አራት። ባዶ ብረት በፍጹም አይሁን፤ ቀለም ቢቀባም መቆንጠጫው በፋቀው ቦታ ይዝግና ነጭ ነጠላ ላይ ቡናማ መስመር ያስቀራል። ያ መስመር በሳሙናም በበረኪናም አይለቅም፤ በረኪና እንዲያውም ያብሰዋል። ያለዎት ብረት ብቻ ከሆነ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚገባበትን የፕላስቲክ ቱቦ ከላዩ ያልብሱት። እንጨት ከሆነ 28 ሚሊ ውፍረት ይኑረው፣ በብርጭቆ ወረቀት ለስልሶ ሁለት እጅ ቫርኒሽ ይቀባ። ያልተቀባ ባሕር ዛፍ ሲረጥብ ቀለም ይለቃል።

የጎን መያዣ፣ ሁለት። ብየዳ ቤት ያሠሩት፦ 40 በ 4 ሚሊ ጠፍጣፋ ብረት፣ 52 ሴንቲ ርዝመት፣ በየ15 ሴንቲው አራት የ21 ሚሊ ቀዳዳ (ዘንጉ እንጨት ከሆነ በእሱ ውፍረት ልክ)። ከላዩ 8 ሚሊ ፌሮ በጎጆ ጣሪያ ቅርጽ ታጥፎ ይበየዳል፣ ጫፉ ከዘንጎቹ 15 ሴንቲ ከፍ ይላል፣ ገመዱ የሚታሰረው እዚያ ጫፍ ላይ ነው። ገመዱ ከጠፍጣፋው ብረት መሃል ቢታሰር፣ ፊት ለፊት ሁለት ሱሪ ሲሰቀል ማስጫው ይገለበጣል። አንቲረስትና ቀለም ይቀባ።

ፑሊ። አንድ ባለ አንድ ጎማ፣ አንድ ባለ ሁለት ጎማ፣ የጎማው ዙሪያ ቦይ ለ8 ሚሊ ገመድ የሚበቃ። የተዘጋጀ ካልተገኘ ቶርኖ ቤት ከናይለን ያወጣዋል። ፑሊዎቹ በመንጠቆ ፋንታ 10 በ 6 ሴንቲ የብረት ሰሌዳ ላይ ተበይደው በሁለት ሁለት ቡሎን ቢታሰሩ ይመረጣል።

ገመድ። የተጠለፈ ፖሊስተር፣ 8 ሚሊ፣ 10 ሜትር። የሚያብረቀርቀው የፕላስቲክ ገመድ ርካሽ ነው፤ ግን ቋጠሮው ይሾልካል። ቀጭን ገመድ ደግሞ ከቦዩ ይወጣና በጎማውና ጎኑን በያዘው ብረት መካከል ይሰነቀራል፤ ያኔ ማስጫው እርጥብ ልብስ እንደያዘ ላይም ታችም አይልም።

ከዚህ ሌላ፦ ባለ 8 ሚሊ የሚሰፋ የብረት ቡሎን አራት ከነሮንዴላውና ዳዶው፣ ግድግዳ ላይ ገመድ የሚጠመጠምበት ባለ ሁለት ቀንድ መንጠቆ፣ ዘንጎቹ እንዳይሾልኩ የሚያግዱ 16 ትናንሽ ብሎኖች።

መግጠም

1. ሁለቱን የፑሊ ቦታዎች ምልክት ያድርጉ። ርቀታቸው ከጎን መያዣዎቹ ርቀት ጋር እኩል ይሁን፤ በ1.60 ሜትር ዘንግ 1.50 ሜትር ነው። ሁለቱም በአንድ ቢም ርዝመት ላይ ካረፉ ይህ በቀላሉ ይሳካል። ማስጫው ቢሞቹን አቋርጦ የሚሄድ ከሆነ ግን ርቀቱን ቢሞቹ ይወስናሉ፤ 1.20 ወይም 1.80 ሊሆን ይችላል፣ ዘንጉም በዚያ ልክ ይቆረጣል። ባለ ሁለት ጎማው ገመዱ ወደሚወርድበት ግድግዳ በኩል፣ ከግድግዳው 60 ሴንቲ ይራቅ።

2. ቀዳዳውን ይብሱ። ለ8 ሚሊ ቡሎን ቀዳዳው እንደ እጀታው (ቡሎኑን እንደሚሸፍነው ቱቦ) ውፍረት ብዙ ጊዜ 10 ሚሊ ይሆናል፤ ቡሎኑን በፑንታው ጎን አድርገው ያመሳክሩ። ጥልቀቱ 5 ሴንቲ። መነጽር ያድርጉ፣ አቧራውን በደንብ ያውጡ። አቧራ ውስጡ ከቀረ ቡሎኑ ሲጠብቅ የያዘ ይመስልና ክብደት ሲመጣ ቀስ በቀስ ይወርዳል።

3. ፑሊዎቹን ይግጠሙ። ለባለ ሁለት ጎማው የበለጠ ይጠንቀቁ። ምክንያቱን በቁጥር ማየት ይቻላል፦ ማስጫው ከነልብሱ 20 ኪሎ ቢመዝን እያንዳንዱ ገመድ 10 ኪሎ ይሸከማል። ባለ አንድ ጎማው ላይ የሚያርፈው 10 ኪሎ ወደ ታች፣ 10 ኪሎ ወደ ጎን ነው። ባለ ሁለት ጎማው ላይ ግን የቅርቡ ገመድ በማስጫው በኩል 10፣ በመጎተቻው በኩል ሌላ 10፣ ከሩቅ የመጣው ገመድ ደግሞ ተጨማሪ 10፣ በድምሩ 30 ኪሎ ገደማ ወደ ታች ይስባል፤ ከሩቁ ገመድ የሚመጣው የ10 ኪሎ የጎን ግፊት ሳይቆጠር። ማስጫ ከወደቀ መጀመሪያ የሚነቀለው ይኸኛው ነው።

4. ገመዱን ለሁለት ይቁረጡ፦ አንዱ 5.5 ሜትር፣ ሌላው 4.5። ጫፎቹን በላይተር አቅልጠው ይዝጉ። ረጅሙ ከሩቁ መያዣ ተነስቶ በባለ አንድ ጎማው ያልፋል፣ ጣሪያውን ተከትሎ ወደ ባለ ሁለት ጎማው ይመጣል፣ ወደ ግድግዳው ይወርዳል። አጭሩ ከቅርቡ መያዣ በቀጥታ በባለ ሁለት ጎማው ሌላኛው ቦይ ይወጣና ይወርዳል።

5. ማስጫውን ከወለሉ 1.20 ሜትር ላይ በሁለት ወንበር ያሳርፉትና በውሃ ልክ ያስተካክሉ። ሁለቱም ገመዶች ተወጥረው ሳለ ከባለ ሁለት ጎማው 10 ሴንቲ ዝቅ ብለው አንድ ላይ በወፍራሙ ይቋጥሯቸው። ይህ ቋጠሮ ሁለት ጥቅም አለው። ማስጫው ሁልጊዜ ሚዛኑን ጠብቆ እንዲወጣ ያደርጋል። ገመዱ ከእጅ ቢያመልጥ ደግሞ ቋጠሮው ፑሊው ላይ ተይዞ ማስጫውን 1.10 ላይ ያቆመዋል፤ ከታች ሕፃን ቢኖር ይህች ቋጠሮ ብዙ ዋጋ አላት።

6. መንጠቆውን ግድግዳው ላይ 1.50 ሜትር ከፍታ ላይ ይትከሉ። የተረፈው ገመድ በስምንት ቁጥር ቅርጽ እዚያው ይጠምጠም። ልጅ የሚደርስበት ቦታ ላይ የገመድ ቀለበት ተንጠልጥሎ መተው የለበትም፤ አንገት ይይዛል።

ለመጎተት ጉልበት ለሚያንሳቸው አረጋውያን፣ የገመዱን ጫፍ ጣሪያው ላይ አስሮ ገመዱን መያዣው ላይ በተገጠመ ተጨማሪ ፑሊ አዙሮ መመለስ ክብደቱን በግማሽ ያቀለዋል። ወደ ላይና ወደ ታች በሚሄደው በኩል እጥፍ ገመድ ይወስዳል።

ከዚያ ይፈተሽ። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን እያንዳንዱ ውስጥ 15 ሊትር ውሃ ጨምረው፣ በሁለቱ ጫፎች ከአራቱም ዘንጎች ጋር በገመድ አስረው ያንጠልጥሉ፤ 30 ኪሎ ነው። ማስጫውን ትንሽ ከፍ አድርገው፣ ጀሪካኖቹን ከወለሉ ብዙ ሳያርቁ ሌሊቱን ይተዉት። ጠዋት ሰሌዳውና ጣሪያው መካከል ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት ከታየ ቡሎኑ እየወረደ ነው፤ ያንን ቀዳዳ ትተው አዲስ ቦታ ይብሱ።

ልብሱን መስጣት

ማሽን ካለ ሁለተኛ ዙር ይጭመቁ። ሰዓታት የሚቆጥብ ሌላ እርምጃ ይህን ያህል የለም፤ በእጅ የሚታጠብ ከሆነም ልብሱን በደረቅ ፎጣ ጠቅልሎ በጉልበት መጫን ብዙ ውሃ ይወስዳል። ውሃ የሚንጠፈጠፍ ልብስ ማስጫው ላይ አይወጣም፤ መጀመሪያ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ጠፈፍ ይበል። ከዚያ እያንዳንዱን አንድ ሁለት ጊዜ አርግፎ ቀጥ ማድረግ።

ወፍራሞቹ፣ ጂንስና ሹራብ፣ በዳር ባሉት ዘንጎች፣ ስሶቹ መሃል ይሁኑ። ልብስ ከልብስ ጋር አይነካካ፤ ቢያንስ አራት ጣት ክፍተት ይኑር። ጂንስ ተገልብጦ፣ ኪሱ ወደ ውጭ ወጥቶ ይሰጣ፤ መጨረሻ የሚደርቀው ኪሱና የወገቡ ጥልፍ ነውና። ከአምስት ስድስት ሰዓት በኋላ አውርደው ዘንጉ ላይ ያረፈውን እጥፋት ያዙሩ።

ነጠላና የሀበሻ ቀሚስ ጥለቱ ወደ ታች ሆኖ ይሰጣ። ጥለቱ ላይ ከሆነ የለቀቀው ቀለም ከውሃው ጋር በነጩ ላይ ይወርዳል። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ በአንድ ዘንግ ላይ ከታጠፈ ስምንት ድርብ ይሆናል፣ መሃሉም ለሁለት ቀን አይደርቅም። በአራቱም ዘንጎች ላይ እንደ ድንኳን ይዘርጉት፣ ሁለቱ ጎኖች ወደ ታች ይውረዱ፣ ከሥሩ አየር ይግባ። ሌላ ልብስ ከእሱ ጋር አይሰጣ። ወፍራም ብርድ ልብስ ግን ሲረጥብ ለዚህ ማስጫ ይከብዳል፤ ፀሐያማ ቀን ቢጠብቅ ይሻላል።

አዲስ አበባ ላይ የክረምቱ ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ይበረታል። ስለዚህ ማታ አጥቦ ማጥፈፍ፣ ማለዳ መስጣት፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት መስኮትና ትይዩውን በር መክፈት ነው። የውጭው አየር እርጥብ ቢሆንም ቀዝቃዛ ስለሆነ ቤት ገብቶ ሲሞቅ ተጨማሪ ተን የመውሰድ አቅም ያገኛል። ዝናብ ሲጥል መስኮቱን ጠበብ ያድርጉ እንጂ ጨርሰው አይዝጉ። ቬንትሌተር ካለ በዝቅተኛው ፍጥነት ከታች ወደ ልብሱ ጎን ይንፋ፤ ማሞቂያ ከሚፈጀው ኤሌክትሪክ እጅግ ያነሰ ይፈጃል።

የከሰል ማንደጃ ከማስጫው ሥር ማስቀመጥ ፈጽሞ አይደረግ። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ተኝቶ ያለ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። አንድ ካልሲ ተንሸራቶ ፍም ላይ ቢወድቅ ደግሞ እሳት ነው።

ሲበላሽ

ልብሱ ደርቆ ይሸታል፣ ላብ ሲነካው ሽታው ይመለሳል። ለረጅም ሰዓት ረጥቦ በቆየ ጨርቅ ውስጥ የሚራባ ባክቴሪያ ነው፤ የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ሞራክሴላ ኦስሎኤንሲስ የተባለውን የዚህ ሽታ ዋና ምንጭ አድርገው ለይተውታል። ሽቶና ማለስለሻ ይሸፍኑታል እንጂ አያጠፉትም። ጨርቁ የሚችል ከሆነ በ60 ዲግሪ ይታጠብ፣ ነጭ ጥጥ ይቀቀል። ዱቄት ሳሙና ማብዛትም ያብሰዋል፤ ያልተለቀለቀ ሳሙና ለባክቴሪያው ምግብ ነው።

ማስጫው አንድ ጎኑ ዝቅ ይላል። የጋራው ቋጠሮ ውስጥ አንዱ ገመድ ሾልኳል፤ ጭነቱን አውርደው ከደረጃ 5 ጀምሮ እንደገና ይቋጥሩ።

ሲጎተት ይከብዳል፣ ይጮሃል። የፑሊው እምብርት ደርቋል ወይም ገመዱ ከቦዩ ወጥቷል። አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይበቃል፤ የተረፈው ተጠርጎ ካልተነሳ ልብስ ላይ ይንጠባጠባል።

በላዩ ያለው ጣሪያ ጠቆረ። በበረኪና በራሰ ጨርቅ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ጓንት ተደርጎ ይጠረግ፤ ከሌላ ማጽጃ ጋር በረኪና አይቀላቀል። ከዚያ ዘንጎቹ የሚቆሙበት ከፍታ 10 ሴንቲ ይውረድ።

ገመዱን በየዓመቱ ግንቦት ላይ፣ ክረምት ሳይገባ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣትዎ እየዳሰሱ ይዩት። ቶሎ የሚያልቀው ማስጫው ወደ ላይ ወጥቶ ሲቆም ፑሊዎቹ ላይ የሚያርፈው ክፍል ነው። እዚያ ፀጉር ካወጣ ወይም ጠፍጣፋ ከሆነ፣ 10 ሜትሩን በሙሉ ይቀይሩት።